ክፍል ሁለት ያልነበረው ሰላይ

ባለፈው ወር አንድ ጨዋ ወጣት መቅረጫውንና ሁለት ባልደረቦቹን ይዞ ቤቴ መጣ። በአገራችን ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የስለላ ድራማ የሚታሰብበት ቀን ስለ ተቃረበ፣ ከሠሩት መካከል በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ መሆኔን ሰምቶ ነው የመጣው። ገና ሳይቀመጥ የድራማውን ደራሲ ስም ጠራልኝና በቅርብ አውቃቸው እንደ ነበር ጠየቀኝ። አውቃቸዋለሁ አልኩት። የክፍል ኃላፊዬ ነበሩ። ድራማውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እርሳቸው የጻፉት ስማቸውን ነው። ወጣቱ በትሕትና ፈገግ አለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ይህ መልሴ ለሕዝብ እንደማይቀርብ ከዓይኑ ስላነበብኩ እኔም አልገፋሁበትም። ከሄደ በኋላ ግን ያልጠየቀው ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ድራማው እንዴት እንደ ተሠራ፣ ማን እንደ ተወነበት፣ ስንት መብራት እንደ ነበረን ጠይቆኛል። ያዩት ሰዎች ምን አዩ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ስለዚያ ሥራ ለማወቅ የምጓጓው እርሱን ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰይፉ ወላጆቻችን በተዉልን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ኮልፌ ውስጥ እንኖር ነበር። ዛሬ ሚኒባሶች እየተጋፉ የሚያልፉበት መንገድ ያኔ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር፤ አጣና የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ትንሿ ፊያት ሴይቼንቶ ታክሲ ጥጓን ይዛ ትጠብቀዋለች። ከተማ ለመውረድ እስከ ጦር ኃይሎች በእግር ሄደን ፌርማታው ላይ አውቶቡስ እንጠብቃለን። ማኪያቶ ስሙኒ ነበር። በአንድ አላድ፣ በሃምሳ ሳንቲም፣ ሲኒማ ገብቶ፣ በተረፈው ቆሎ ገዝቶ፣ እየቆረጠሙ መመለስ ይቻል ነበር። ከሸክላ መሸጫው በር ላይ ጥሩምባና ሳክስፎን የበዛበት ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይፈስሳል፤ የልብስ ሰፊው እግር በዚያው ምት መኪናውን ይረግጣል። እኔ ከውጭ አገር ይዤው የመጣሁትን፣ ከጉልበት ከፍ ያለ ግራጫ ቀሚስ ለብሼ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ያነሡ ነበር። ያን ቀሚስ ዛሬም አለኝ። ጨርቁ አላረጀም።

ሰይፉ የመድረክ ተዋናይ ነበር። ቁመቱ ረዘም፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ከሰልባጅ የተገዛ ጥቁር የሱፍ ካፖርት በሐምሌም በጥቅምትም የማይለየው ሰው ነበር። ካፖርቱ ከፊተኛው ባለቤቱ የወረሰው ግርማ ነበረው፤ ወንድሜ ሲለብሰው ተበድሮ ያልመለሰው ክብር ያደረበት ይመስል ነበር። የሚወዳት ልጅ ትርሲት ትባላለች። አባቷ አቶ ኃብቴ ገና በልጅነታቸው ከደቡብ ምዕራብ በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡ፣ በብርድ ልብስና በአቡጀዲ ንግድ የከበሩ፣ ከሰፈሩ ሁሉ በፊት ቴሌቪዥን የገዙ ሰው ናቸው። ሰይፉ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኮባቸው ሁለቱንም ጊዜ መልሰውበታል። ሽማግሌዎቹን ይመሩ የነበሩት የዕድራችን ዳኛ አቶ ተክሌ ሁለተኛውን መልስ ይዘውልን ሲመጡ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ልጁ ጨዋ ነው አልኳቸው። አውቃለሁ አሉኝ። ዘሩ የታወቀ ነው አልኳቸው። እርሱንም አውቃለሁ አሉኝ። ታዲያ ምን ጎደለው ብላቸው፣ ‹አንድ ቀን ንጉሥ ሆኖ፣ በማግሥቱ ሰካራም ሆኖ በሰው ፊት የሚቆም አዝማሪ ነው፤ ልጄ ከየትኛው ጋር ልትኖር ነው?› አሉኝ።»

ሰይፉ ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ጆሮው ቀላ። እኔ ደግሞ የአቶ ኃብቴ ጥያቄ የተማሩ ሰዎች በወፍራም መጻሕፍት የሚያነሡት ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ አሰብኩ።

የስለላው ድራማ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ጣቢያው በምሽት ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠራ ነበር፤ ዜና፣ ንግግር፣ ሙዚቃ፣ ከውጭ የመጣ ፊልም። ከውጭ በሚመጡት ፊልሞች ውስጥ ሰላዮች ሲሯሯጡ ይውላሉ። የእኔ ሥራ የእነዚህን ፊልሞች ታሪክ አሳጥሬ በአማርኛ መጻፍ ነበር፤ አንባቢው ፊልሙ ሊጀምር ሲል ያነበዋል። ሥነ ጽሑፍ ለመማር ባሕር ተሻግሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ ስመለስ የተሰጠኝ ሥራ ይህ ነው። አንድ ቀን አቶ መስፍን የሚባለው አዘጋጅ እግሩን ጠረጴዛዬ ላይ ሰቅሎ፣ «የእኛ መንግሥት ሰላይ የለውም እንዴ? እነዚህን ፈረንጆች እስከ መቼ እናያለን?» አለኝ። በሁለት ሳምንት ጻፍኩለት። የአገር ምስጢር የሆነ ካርታ ለባዕድ ሊሸጥ የተዘጋጀ ነጋዴ አለ፤ አንድ የመንግሥት ሰላይ ይከታተለዋል፤ ነገሩ በየክፍሉ እየተወሳሰበ ይሄዳል። ርእሱን «ባለ ካፖርቱ» አልኩት። ርእሱ የመጣው ከወንድሜ ትከሻ መሆኑ ግልጽ ነው፤ አቶ መስፍንም ወዲያው ገብቶት ሰይፉን አስጠራው።

ዛሬ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው አንዱን ትዕይንት አሥር ጊዜ ይቀርጻሉ። ያኔ መቅረጽ የሚባል ነገር አልነበረንም። ተዋናዩ ስቱዲዮ ውስጥ በሚናገርበት ቅጽበት ቃሉ ኮልፌ ይደርሳል፤ የተሳሳተ ቃል አይመለስም። ልምምድ የምናደርገው በቀን ነበር፤ የመብራቱ ሙቀት የተዋንያኑን ፊት እያቀለጠ ቅባቱ ወደ አንገትጌያቸው ይወርድ ነበር። ዝናብ ለማሰማት ምስር በቆርቆሮ ትሪ ላይ እናንከባልላለን። ታክሲ ሲያስፈልገን የአንዲት ሴይቼንቶ በር ብቻ አምጥተን ከአግዳሚ ወንበር ጋር አሰርነው፤ ሁለት የመብራት ሠራተኞች ወለሉ ላይ ተኝተው ወንበሩን ይንጡታል። ይህን ሁሉ ሳየው ይገርመኝ የነበረው ውሸቱ አልነበረም። አንድ በር ሲያዩ አእምሮ የቀረውን መኪና፣ ሹፌሩን፣ መንገዱን፣ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ከራሱ ጨምሮ እንዴት እንደሚሞላ ነበር።

ችግሩ ስሙ ላይ መጣ። ለሰላዩ ያወጣሁለት ስም ሌላ ነበር። ሰይፉ መድረክ ላይ ረጅም ጊዜ ተለማምዶ የሚሠራ ሰው ስለሆነ በዚያ ጥድፊያ ስሙን ሊለምደው አልቻለም፤ ነጋዴው ከኋላው ሲጠራው አይዞርም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ ተደጋገመ። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። በመጨረሻ አቶ መስፍን ወረቀቱን ጥሎ ተነሣ።

«በቃ፤ ሁላችሁም በየስማችሁ ግቡ። እናቶቻችሁ ያወጡላችሁን ስም አትረሱትም።»

«ከነአባት ስም?» አለ ሰይፉ።

«ከነአያትህ ብትፈልግ። ብቻ ሲጠሩህ ዙር።»

ልብስም አልነበረንም፤ ሁሉም በየልብሱ ገባ። መግቢያውን የሚያነብ ጥሩ ድምፅ ፈለግንና ከዜና አንባቢው የተሻለ አጣን። ስለዚህ ያን ምሽት የሆነው እንደሚከተለው ነው። ዜና አንባቢው ዜናውን ጨረሰ፤ የዕለቱን ሹም ሽር አነበበ፤ እገሌ እዚህ ቦታ ተሹመዋል፣ እገሌ እዚያ ተዛውረዋል። ከዚያ የድራማው ርእስ የተጻፈበት ሰሌዳ መታየት ነበረበት። የሰሌዳው ቀለም ግን ስላልደረቀ በመብራቱ ሙቀት ፊደሎቹ ተያይዘው ወረዱ፤ ካሜራውን የያዘው ሰው ያንን አይቶ ዘወር አደረገው። ዜና አንባቢው ክራባቱን እንኳ ሳይለውጥ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ተሻገረና በዚያው ሹም ሽር ባነበበበት ድምፅ የእኔን መግቢያ አነበበ። «አቶ ሰይፉ በቀለ ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥትን ምስጢር የመጠበቅ ሥራ በጥብቅ አደራ ተሰጥቷቸዋል።» ቀጥሎ ወንድሜ፣ በራሱ ስም፣ በራሱ ካፖርት፣ ከአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ እጅ ነሣ።

በቀረው ክፍል የሆነውን በዝርዝር መንገር አያስፈልግም። አንዱን ብቻ አነሣለሁ። መጨረሻ ላይ ሰይፉ በሚሸሸው የነጋዴው ሎሌ ላይ ሽጉጥ ይተኩሳል። ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ሠራተኛ ጣውላ በመዶሻ መምታት ነበረበት፤ መዶሻው ጠፋ። ሰይፉ አነጣጠረ፤ ድምፅ የለም፤ ሎሌው የሆነው ተዋናይ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ወድቋል። ወንድሜ የያዘውን ሽጉጥ ጥቂት አየውና ቀስ ብሎ ወደ ካፖርቱ ኪስ እየመለሰ፣ «ዘመናዊ ነው፤ አይሰማም» አለ። ይህ ቃል እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። በዚያን ሰዓት ግን አቶ መስፍን ፀጉሩን ሲነጭ አይቼዋለሁ።

ያን ሌሊት ከተማ ዘመድ ቤት አደርን፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከጦር ኃይሎች በእግራችን ወደ ኮልፌ ስንወጣ ጸጉር አስተካካዩ ደንበኛውን በሳሙና እንደ ተለቀለቀ ትቶት ወጣና ባርኔጣውን አወለቀ። ሰይፉ ቀልድ መስሎት እርሱም እጅ ነሣ። ልብስ ሰፊው ቆመ። ሸክላ መሸጫው ዘፈኑን ዝቅ አደረገ። ሰይፉ ለጉራው ያህል ጺሙን ሊላጭ ገባና ሲጨርስ ገንዘብ አወጣ።

«ተከፍሏል» አለው ጸጉር አስተካካዩ።

«ማን ከፈለልኝ?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

በቀደመው ሳምንት «አንተ» ይለው የነበረ ሰው ነው። ቤት ስንደርስ ጎረቤታችን እማማ ብዙነሽ አንድ ሙክት በር ላይ አስረው፣ ከሦስት ሴቶች ጋር ነጠላቸውን አደግድገው ቆመው አገኘናቸው።

«እንኳን ለዚህ አበቃህ ልጄ» አሉት። «ምነው አባትህ ይህን ሹመት አይቶ ቢሆን።»

«እማማ፣ ቲያትር እኮ ነው።»

«አዎን፤ ገብቶኛል» አሉና በአንድ ዓይናቸው ጠቀሱት። «ቲያትር ነው። የሚጠይቀኝ ካለ እንደዚያ ነው የምለው።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እማማ» ብዬ ገባሁ።

«አንቺማ ትጽፊለታለሽ እንጂ። ለዚህ አይደል ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» አሉኝ። ከዚያ ወደ እርሱ ጠጋ ብለው፣ «ያ የእኔ ልጅ የታሰረበት ነገር ትንሽ ቃል ብትጥልለት» አሉት።

በዚያ ሳምንት በራችን ላይ ደጅ የሚጠና ሰው አልጠፋም። የርስት ክርክር የያዘ፣ ልጁን ሥራ ሊያስገባ የፈለገ፣ ከአከራዩ የተጣላ። እኔ የምሠራበት ቦታ ስለ ቴሌቪዥን ኃይል ብዙ የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን እንደዚህ ያለ ነገር ይሆናል ብለው አልገመቱም። ነገሩን በጥንቃቄ ልመረምረው ፈለግሁ። በአቶ ኃብቴ ሳሎን፣ ከዕድሩ በመጡት አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠው ያዩትን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ያ ሣጥን እስከዚያ ቀን ያሳያቸው ማንን ነው? ንጉሡን፣ ሚኒስትሩን፣ ጳጳሱን፣ ዜና አንባቢውን። ፈረንጆቹ የሚታኮሱበት ፊልም ፈረንጆች ስለሆኑ ተረት ነው። የሚያውቁት ሰው በሚያውቁት ካፖርት፣ ሹም ሽር በሚያነብ ድምፅ ከነአባቱ ስም ሲጠራ ግን ምን ይሉታል? የማይሰማውን ሽጉጥም መንግሥት ከውጭ እንዳስመጣው ነገሩኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበርና አቶ ተክሌን ሄጄ ጠየቅሁ። «የሰላይ ሥራ ምስጢር አይደለም እንዴ? ምስጢርን በቴሌቪዥን ይሾሙታል?»

አቶ ተክሌ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አሰቡበት። «ልጄ፣ ድሮ የምናውቀው ጆሮ ጠቢ ስሙ አይታወቅም። ጠጅ ቤት አጠገብህ ይቀመጣል፤ ትናገራለህ፤ ትወሰዳለህ። ይህ ነውር ነበር። አሁን ግን ሥራው ሠለጠነ። ስሙንም መልኩንም አስቀድመው አሳዩን። ከእንግዲህ እርሱ ባለበት አፉን የሚከፍት ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። ፍትሕ ማለት ይህ ነው።»

ለብዙ ዓመታት ስለ ተመልካችና ስለ ትዕይንት የተጻፉ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የተደራጀ ሐሳብ አላገኘሁባቸውም።

በሳምንቱ መጨረሻ አቶ ኃብቴ ራሳቸው ሰው ላኩብን። ሽማግሌዎቹ ይመለሱ አሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ያልተለመደ ነው፤ የሴት ወገን እምቢ ካለ በኋላ ለምኖ አያስመልስም። አቶ ተክሌ መልእክቱን ያመጡልን ፊታቸው እያበራ ነበር። እርሳቸው ሲወጡ ሰይፉ ካፖርቱን እንደ ለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ የፈቀዱት ለማን ነው?» አለኝ።

«ለካፖርቱ» አልኩት።

«እንደዚህ ደረቅ አትሁኚ።»

«ጥያቄህን ነው የመለስኩት። አንተን ሁለት ጊዜ አይተው ሁለት ጊዜ መልሰውሃል። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ዝም ብልስ? ካገባኋት በኋላ ቀስ ብሎ ይረሳል። ሰው ይረሳል።»

«ክፍል ሁለት አለ፤ ክፍል ሦስት አለ። አይረሳም።»

የካፖርቱን እጅጌ አየና፣ «ትርሲትስ?» አለ። «እርሷስ ካፖርቱን ነው የምታገባው?»

ይህን አላውቅም ነበር፤ አላውቅም አልኩት። በዚያ ዘመን ልጅቱን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሽማግሌ የሚላከው ወደ አባት ነው። ሰይፉ እርሷን ብቻዋን አግኝቶ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ከሱቁ ውጪ ያለ ወንድሟ አትታይም። ተነሥቶ ካፖርቱን አወለቀና በሚስማሩ ላይ ሰቀለው። «እነግራቸዋለሁ» አለኝ። «ከሰጡኝ ለእኔ ይስጡኝ። ካልሆነም ይቅር።»

የቃል ኪዳኑ ቀን አቶ ኃብቴ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ የልጅቱ ዘመዶች በሌላ ወገን ተቀመጡ። እኔ ከሴቶች ጋር በጓዳው በር በኩል ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ በመካከላቸው ቆሟል፤ ማንም ጀርባውን አልሰጠውም። ልማዱ ሙሽራው እዚያ እንዳይገኝ ነው። ሰይፉ ግን መጣ፤ ካፖርቱን አልለበሰም፤ በሸሚዝ ብቻ ሲታይ ቀጭን መሆኑ ታወቀ። ሰዎቹ ሁሉ ተነሡለት።

«ተቀመጡልኝ» አለ። «የምነግራችሁ ነገር አለኝ። እኔ ተዋናይ ነኝ። በቴሌቪዥን ያያችሁት ድራማ ነው፤ የጻፈችውም እህቴ ናት። ሽጉጡ የእንጨት ነው። ማንም አልሾመኝም፤ ማንንም አልሰልልም። እርስዎ፣ አቶ ኃብቴ፣ ሁለት ጊዜ የመለሱት ሰው ያው እኔ ነኝ። ይህን ሳታውቁ ቃል እንድትሰጡኝ አልፈልግም።»

አንዱ ዘመድ ቀስ ብሎ በሩን ዘጋው። አቶ ኃብቴ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። እኔ በዚያች ቅጽበት ወንድሜ ትዳሩን እንዳጣ፣ ነገር ግን ራሱን እንዳተረፈ እርግጠኛ ነበርኩ። አቶ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅ ሰይፉ» አሉ፤ «ቃልህን ሰምተናል። ማለትም አልሰማንም። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል።»

«አቶ ተክሌ፣ እውነቴን ነው።»

«እውነትህን ነው እንጂ» አሉ አቶ ኃብቴ ቀና ብለው። «አንተ ተዋናይ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ስለ ሌላ ነገር የሚናገር ሰው የለም። ገባችሁ?» ዘመዶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «አምኖ ለነገረን ሰው ልጄን ብሰጥ ምን አጠፋሁ?»

እንዲህ ሆኖ ሰጡት። ወንድሜ እውነቱን በመናገሩ የሰፈሩ ሰው የነበረውን ጥርጣሬ ሁሉ ጨረሰ፤ ሰላይ ካልሆነ ለምን ይክዳል? ከዚያ በኋላ በአምሳ ሰው ፊት የሚጠበቅ ምስጢር ሆነ፤ እንደዚያ በጥንቃቄ የተጠበቀ ምስጢር አይቼ አላውቅም።

ክፍል ሁለት አልታየም። ከመታየቱ በፊት ሁለት ንጹሕ ልብስ የለበሱ ሰዎች ጣቢያው መጥተው ሻይ ጠጡ፤ ደራሲው ስለ ክትትል ሥራ ይህን ያህል ከየት እንዳወቀ በትሕትና ጠየቁ። የክፍል ኃላፊዬ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ድራማውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ተናገሩ። ከፈረንጅ ፊልም ነው ያወቅሁት አልኳቸው። ሰዎቹ ተያዩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ማስታወሻ የያዘ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰዓት ሙዚቃ ይተላለፍ ጀመር። ሰዎቹ ሲሄዱ ስሜ ከድራማው ላይ ወረደ፤ የኃላፊዬ ስም ተመልሶ ተቀመጠ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ትርሲትና ሰይፉ ጥቂት ኮልፌ ቆይተው አስኮ ቤት ሠሩ። ወንድሜ ዕድሜውን በሙሉ ለቅሶ ቤት ሲገባ ጨዋታ ይቋረጥ ነበር። ጎረቤቶቹ ይወዱት ነበር፤ እርሱ ባለበት ግን ስለ ዝናብና ስለ እህል ብቻ ያወራሉ። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው የጠበቀው ምስጢር በአንድ ሳምንት ወጣ። ሰይፉን ወሰዱት። ሙክት ይዘው የመጡት የእማማ ብዙነሽ ልጅ በእርሱ ላይ ቃል ከሰጡት መካከል ነበር፤ ‹እናቴ ራሷ እንኳን ደስ ያለህ ብላዋለች› አለ፤ እውነት ነው፤ ብለውታል። እኔ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ ድራማ ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ ስል፣ ‹ስምሽ የት አለ?› አሉኝ። የተቀረጸ ነገር የለም፤ ሥራውን የፈረሙት ኃላፊዬ አገር ጥለው ሄደዋል። ይህን ለማማረር አልጻፍኩትም፤ የሆነውን ለማስቀመጥ ነው። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንዱ መርማሪ የድሮ ቲያትር ተመልካች ሆኖ ተገኘና ወንድሜን ፈታው። ሰይፉ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው።

ወጣቱ ጋዜጠኛ ከሄደ በኋላ ታክሲ ይዤ አስኮ ወጣሁ። ትርሲት በረንዳው ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። አሁን ሁለታችንም አሮጊቶች ነን፤ እርሷ ግን በአሮጊትነት ከእኔ የተሻለች ናት። የጋዜጠኛውን ነገር ነገርኳትና ላለፉት ስንት ዓመታት ልጠይቃት አስቤ ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

«ያን ምሽት ምን አየሽ?»

«ሰይፉን ነዋ።»

«ሰላይ ነው ብለሽ አላመንሽም?»

«ምን ብዬ? ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። እዚያ ትልቅ ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ጆሮው ቀይ ነበር።»

«ትርሲት፣ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር።»

«ቢሆንም አየሁት» አለች፤ ጎመኑን እንደ ያዘች። ልከራከራት አሰብኩና ተውኩት።

«አባትሽስ?»

«አባባማ መቼ አየና? ዜናው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ጠዋት ሱቁ ሲገባ ሰው ሁሉ ሲያወራ ሰምቶ፣ ‹በዓይኔ አይቼዋለሁ› ብሎ ሲምል ዋለ። ከዚያማ እንዴት ብሎ ይመለስ?»

ሳቅኩ። እኔ ብዙ ጊዜ አልስቅም፤ እርሷም ስላወቀችው ቢላዋዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ሰይፉ እስከ መጨረሻው የፈቀዱት ለማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ሞተ ማለት ነው» አልኳት።

«ጠይቆኝ ነበር እኮ» አለች። «ታስሮ ሳለ። ስንቅ ይዤለት ስሄድ፣ በአጥሩ በኩል፣ ጠባቂው አጠገባችን ቆሞ። ‹ትርሲት፣ ያገባሽው ማንን ነው? ንገሪኝና ልረፍ› አለኝ። ከስቶ ነበር፤ እዚያ ላለቅስበት ነበር።»

«ምን አልሽው?»

«‹ክፍል ሁለትን ሳላይ አልናገርም› አልኩት። ጠባቂው ምንም አልገባው፤ እርሱ ግን እስከሚያስለው ድረስ ሳቀ። ከተፈታ በኋላም አልነገርኩትም። በተጣላን ቁጥር ‹ክፍል ሁለት መቼ ነው?› ይለኛል፤ ‹አልደረሰም› እለዋለሁ። ሲሞትም አልደረሰም ነበር።»

ከአስኮ መንገድ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል። ትርሲት ጎመኑን ወደ ሳህኑ ሰበሰበችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ፣ እትዬ? ጽፈሽው ነበር አይደል? ክፍል ሁለት ላይ ምን ልታደርጊው ነበር?»

ዐረፍተ ነገሩን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። «በመጀመሪያው ትዕይንት ልገድለው ነበር» አልኳት። «ታሪኩ እንዲያድግ።»

ትርሲት ራሷን ነቀነቀች። «እንኳን ከለከሉሽ» አለችኝ፤ ቢላዋዋንም አነሣች።